አህያው አልቆም አለኝ

«ጤና ይስጥልኝ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ከደብረ ብርሃን መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። እሷና ባሏ ሥራ ሲውሉ የልጅ ልጆቼን የምይዘው እኔ ነኝ። ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትንሹ ገና ዓመት ተመንፈቁ። በቀደም ትልቋ ከትምህርት ቤት ፀጉራም ሽቦ ይዛ መጣች። ፓይፕ ክሊነር ነው የሚሉት። እንስሳ እንሥራ አለችኝ። እኔ የእጅ ሥራ አላጣም፤ ስፌት እየሰፋሁ፣ ጥጥ እየፈተልኩ ነው ያደግሁት። ግን አህያው አልቆም አለኝ። ባቆመው ይንበረከካል፣ አንገቱ ይንጋደዳል፣ ጭንቅላቱ ይወልቃል። የልጅቷንም ጣት ሽቦው ቧጠጣት። ደግሞ መሃል ላይ ይሰለቻትና ጥላው ትሄዳለች። እኔ ጨርሼ ሳሳያት ‹የኔ አይደለም› ትላለች። እሱንም በእንግሊዝኛ ነው የምትለኝ፤ በአማርኛ ባወራት በአማርኛ አትመልስልኝም። ምን ይሻለኛል? ከተሳካልኝ ደግሞ አገር ቤት ላሉት የልጅ ልጆቼ ሽቦውን መላክ እፈልጋለሁ። ደብዳቤውን የጻፈችልኝ ልጄ ናት።

የልጆቹ አያት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

እማማ፣ እንደምን ሰነበቱ። ለእርስዎም፣ ለጻፈችልዎ ልጅዎም ምስጋናዬ ይድረስ።

ከአህያው ልጀምር። የማይቆመው እርስዎ ሙያ ስላነሰዎት አይደለም፤ እግሩ ነጠላ ስለሆነ ነው። ይህ ሽቦ ሲያዩት ወፍራም ይመስላል። ውፍረቱ ግን የፀጉሩ ነው። አንዷን ዘንግ ያንሱና ፀጉሯን በጥፍርዎ ገለል አድርገው ይዩ። ውስጧ ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠማዘው ያገኛሉ። ፀጉሩ በሁለቱ መሃል ተቆንጥጦ ነው የተያዘው። እንግዲህ ያንን ሁሉ ሆድ፣ አንገትና ጭንቅላት እንዲሸከም የተደረገው ይህ ቀጭን ሽቦ ነው። ቢንበረከክ አይፈረድበትም።

ነገሩ መጀመሪያ የተሠራው ለልጆች መጫወቻም አልነበረም። ስሙ እንደሚለው የትምባሆ ፒፓ ማጽጃ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር በምትባል ከተማ ነው የተፈለሰፈው። የፒፓው ዓይነት ዛሬም ይሸጣል፤ እሱ ቀጭን፣ አጭርና ብዙ ጊዜ ነጭ ጥጥ ነው። ለእንስሳ አይመችም። ልጅዎ ስትገዛ የልጆች የእጅ ሥራ ዕቃ ካለበት መደርደሪያ ትግዛ። የተለመደው ርዝመቱ 30 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሚያብለጨልጨውን ዓይነት ለጊዜው ተዉት። ያምራል፣ ግን ጣት ያሳክካል፤ ለእንስሳ ቆዳም አይሆንም።

አሁን አህያውን እንደገና እንሥራው። ስድስት ዘንግ ይበቃናል። ግራጫ ካለ ግራጫ፣ ከሌለ ቡናማ። ልጅቷ ሐምራዊ ካለች ሐምራዊ ይሁን።

የመጀመሪያው ዘንግ አከርካሪው ነው። መሃሉ ላይ ያጥፉትና ሁለቱን ጎን አንድ ላይ ይጠምዝዙት። አሁን 15 ሳንቲሜትር የማይሞላ ድርብ ዘንግ አለዎት። የታጠፈው ጫፍ ወደ አፍንጫው፣ የተቆረጠው ወደ ጭራው ይዙር። እንዲህ ሲሆን ፊቱ ላይ የሚወጋ ነገር አይኖርም። ከአፍንጫው በኩል ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ለጭንቅላት፣ አራት ለአንገት፣ ስድስት ለጀርባ ይተዉ፤ የተረፈው ጭራ ይሆናል። ማስመሪያ አያስፈልግዎትም፣ በጣትዎ መገመት ይበቃል። ጭንቅላቱ ይወልቃል ያሉኝ ለብቻው ተሠርቶ ስለተቀጠለ መሆን አለበት። እዚህ ግን ከአፍንጫ እስከ ጭራ አንድ ወጥ ነው፤ የሚወልቅ ነገር የለውም።

ሰው የሚሰስተው እግር ላይ ነው። እርስዎ አይሰስቱ። ለሁለቱ የፊት እግሮች አንድ ሙሉ ዘንግ፣ ለሁለቱ የኋላ እግሮች ሌላ ሙሉ ዘንግ ያውጡ። የዘንጉን መሃል አንገትና ጀርባ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያድርጉና አከርካሪው ላይ ሁለት ጊዜ ይጠምጥሙት፤ ጠበቅ አድርገው። አንዴ ብቻ የተጠመጠመ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። አሁን በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም ጫፎች ተንጠልጥለዋል። እያንዳንዱን ከግማሹ ወደ ላይ ያጥፉና ከራሱ ጋር ይጠምዝዙት። ጫፉን ሆዱ ሥር ይሸጉጡት። እግሩ ድርብ ሆነ። ታችኛው ጫፉም የታጠፈ ስለሆነ ሰኮና ሆነለት። የተቆረጠ ሽቦ ጠረጴዛ ላይ ይንሸራተታል፤ የታጠፈው ግን ይረግጣል።

የኋላ እግሮቹን ደግሞ ጭራው ሥር አምጧቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አራቱንም እግር ሆዱ መሃል ይሰበስባቸዋል፤ ከዚያ እንስሳው በአፍንጫው ይደፋል። የጭንቅላቱና የአንገቱ ክብደት ወደ ፊት ስለሚስብ የፊት እግሮቹ ትንሽ ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ትንሽ ወደ ኋላ ቢያዘነብሉ ይሻላል። ከፊት ሲያዩትም እግሮቹ ከፈት ከፈት ይበሉ። እውነተኛ አህያ እንዲህ አይቆምም ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነዎት። እውነተኛ አህያ ግን ጡንቻ አለው።

ከዚያ ሆዱ ይቀራል። ሁለት ዘንግ ይውሰዱና ከፊት እግሮቹ ጀምረው እስከ ኋላ እግሮቹ አከርካሪው ላይ ጥቅጥቅ አድርገው ይጠምጥሙ። መጀመሪያ ግን በፊት እግሮቹ መሃል አንዴ በሰያፍ፣ አንዴ በተቃራኒው ያሳልፉት። ኋላም ሲደርሱ እንደዚያው። ይህ ጥምጥም ሆድ ከመስጠቱ ሌላ እግሮቹን ቦታቸው ላይ ይቆልፋቸዋል። ለኔ የሥራው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ሆዱ እስኪጠመጠም ድረስ እግሮቹ ቢውረገረጉ አይጨነቁ፤ ሲጠመጠም ቀጥ ይላሉ።

ከስድስተኛው ዘንግ አንድ ስምንት ሳንቲሜትር ቆርጠው መሃሉን ጭንቅላቱ ኋላ ይጠምዝዙት፤ ሁለቱን ጎን እጥፍ አድርገው ጆሮ ያድርጉት። የአህያ ጆሮ ሲረዝም ነው አህያ የሚመስለው። ካጠረ ፈረስ ይሆንብዎታል። የተረፈውን ለጋማ ያድርጉት።

በመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ አቁመው ጀርባውን በመዳፍዎ ቀስ አድርገው ይጫኑት። ሦስቱ እግሮች ሲረግጡ አንዱ አየር ላይ ይቀራል። እሱን ብቻ ያስተካክሉ። አራቱንም መነካካት ከጀመሩ እስከ ማታ አያልቅም።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። አንድን ቦታ ደጋግመው አያጥፉ፣ መልሰውም አያቅኑ። ብረት አንድ ቦታ ላይ ሲመላለስ እዚያው ይደርቅና ይሰበራል። አንገቱ ተንጋደደ ብለው ወዲህ ወዲያ ሲያዞሩት ከርመው ከሆነ ውስጡ ሳይቆረጥ አይቀርም፣ ፀጉሩ ይዞት ነው። ስለዚህ ከማጠፍዎ በፊት የት እንደሚያጥፉ ያስቡ። ለልጅቷ ግን ይህን ሕግ አይንገሯት። ትስበር። አንድ ሁለቴ ሲሰበርባት እጇ ራሱ ይማራል።

እማማ፣ ስፌት አውቃለሁ ማለትዎ ደስ አሰኝቶኛል። ምክንያቱም ከዚህ ሽቦ የሚሠራ ከሁሉ የሚያምር እንስሳ ኤሊ ነው፤ እሱ ደግሞ የስፌት ሥራ ነው። እርስዎ ስፌት ሲጀምሩ ከመሃል ነው የሚነሱት። ስንደዶው ውስጥ ሆኖ አክርማው ይጠመጠምበታል፣ በወስፌ እየበሱ አንዱን ዙር ካለፈው ዙር ጋር እያያዙ ይወጣሉ። እዚህ ወስፌ አያስፈልግም። ሽቦው የታጠፈበት ቦታ ይቀራል፤ ፀጉሩም ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል።

አረንጓዴ ወይም ቡናማ ዘንግ ይያዙ። መጀመሪያ አራት ሳንቲሜትር ያህል ወደ ታች ቀጥ አድርገው ይተዉት፤ ይህ በኋላ ይፈለጋል። ከዚያ የቀረውን በዚያ ጫፍ ዙሪያ ዝርግ አድርገው ያዙሩት። ሲያልቅ ሌላ ዘንግ ይቀጥሉ፤ የሁለቱን ጫፍ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል አንድ ላይ ጠምዝዘው ወደ ውስጠኛው በኩል ይደብቁት። ሁለት ዘንግ ሲያልቅ ስፋቱ ሰባት ሳንቲሜትር የሚጠጋ ክብ ነገር ያገኛሉ። አሁን መሃሉን ከውስጥ በአውራ ጣትዎ ገፋ ያድርጉት። ድብልብል ብሎ ይነሣል። ድንጋይ የመሰለ የኤሊ ጀርባ ነው። ለጥለቱ እርስዎን የሚመክር የለም። ሁለት ቀለም ቢያፈራርቁ እንደ መሶብ ክዳን ይወጣልዎታል።

ለእግሩ ሁለት ግማሽ ዘንግ ከሥሩ በመስቀልኛ ያስገቡ። አራቱን ጫፍ በመጨረሻው ዙር ላይ አንዴ ጠምጥመው ወደ ውጭ ያውጧቸውና ጫፋቸውን ያጥፉ። ያኔ የተዉት መነሻ ጫፍ ከመሃል ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ እሱን መስቀሉ ላይ ይጠምዝዙት። ይህን ካላደረጉ ልጅቷ መሃሉን ስትጎትተው እንደ ስፕሪንግ ተመዞ ይወጣል። መጎተቷ ደግሞ አይቀርም። ለጭንቅላት አንድ ትንሽ ቁራጭ ከፊት በኩል ሰክተው ጫፏን ጥቅልል ያድርጓት። ኤሊ በሆዱ ስለሚተኛ የመቆም ጣጣ የለበትም።

ግን አህያውም ኤሊውም የእርስዎ ሥራ ናቸው። ለስድስት ዓመት ልጅ ከባድ ናቸው። እንግዲህ ወደ ልጅቷ።

«የኔ አይደለም» ማለቷ ትክክል ነው። የእርሷ አይደለም። እርስዎ ነዎት የጨረሱት። ይህን ስል እንዳይከፋዎት፤ አያት ሆኖ የልጅ ልጁን ግማሽ ሥራ አይቶ ዝም የሚል ሰው ጥቂት ነው። ለልጅ ግን የተስተካከለው እንስሳ ሌላ እንስሳ ነው። አምስት እግር ያለው ጅብ ሠርታ ከሆነ ያ ጅብ አምስት እግር አለው፣ አለቀ። ከዚህ በኋላ የእርሷን ሥራ አይንኩ። ከጎኗ ተቀምጠው የራስዎን ይሥሩ። ከፈለገች አይታ ትሰርቃለች። መሃል ላይ ጥላው ከሄደች እንደተወችው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡላት። ነገ ተመልሳ ልታነሣው ትችላለች፣ ላታነሣውም ትችላለች። ሁለቱም ምንም አይደል።

የሰለቻትም ሥራው ስለረዘመ ይመስለኛል። በዚህ ዕድሜ እጅ ከሐሳብ ወደ ኋላ ይቀራል። ሐሳቧ አህያው ላይ ተቀምጦ እየጋለበ፣ እጇ ገና አንደኛውን እግር እየጠመዘዘ ነው። ስለዚህ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ እንስሳ ይስጧት።

ከሁሉ የሚቀለው አባ ጨጓሬ ነው። ሽቦው ራሱ አባ ጨጓሬ ነው፤ እኛ ምንም አልጨመርንም። አንድ ዘንግ እርሳስ ላይ ትጠምጥም፣ እርሳሱን ትምዘዘው፣ ትንሽ ትለጥጠው፣ ከፊት ሁለት አጫጭር ቀንድ ትጨምርለት። በቃ። ቀስ አድርገው ጎትተው ሲለቁት ትንሽ ይሰበሰባል፤ እሱ ብቻውን ጨዋታ ነው። እባብም በዚሁ መንገድ ይሠራል፣ እባብ ቤቴ አይገባም ካሉ ግን አልከራከርዎትም።

ቀጥሎ ሸረሪት። ሁለት ዘንግ ከመሃላቸው ይቆረጣሉ፤ አራት ቁራጭ ሆኑ። አራቱን አንድ ላይ ይዛ መሃላቸው ላይ ሦስት ጊዜ ትጠምዝዝ። ስምንት እግር ወጣ። በጣቷ ትበትናቸውና ጉልበታቸውን ታጥፍ። በሌላ ትንሽ ቁራጭ መሃሉን ብትጠቀልለው ሆድ ይሆናል። ሸረሪት የማይቆምበት ምክንያት የለም፤ ስምንት እግር አለው፣ አንዱ ቢሰንፍ ሌላው ይይዘዋል። ልጅ መጀመሪያ የሚቆም ነገር ስትሠራ ዓይኗን ይዩት።

አሁን ስለ ተቧጠጠው ጣት። ቀላል ነው ብዬ አላልፈውም፣ በተለይ ቤት ውስጥ ዓመት ተመንፈቅ የሆነው ልጅ ስላለ። ሽቦው በተቆረጠ ቁጥር ሁለት አዲስ መርፌ ተፈጠረ ማለት ነው። ስለዚህ በቆረጡ ቁጥር፣ ሥራውን ሳይቀጥሉ፣ ጫፉን ግማሽ ሳንቲሜትር መልሰው ያጥፉና በፒንሳ ጭብጥ ያድርጉት። ወይም ጫፉ ሆድ ውስጥ የሚደበቅ ከሆነ እዚያ ይሸጉጡት። ለመቁረጥ የሽቦ መቁረጫ ያለው ትንሽ ፒንሳ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ አሮጌ መቀስ። የልብስ መቀስዎን ግን እንዳይነኩት። ሽቦ ስለት ያበላሻል፤ ከዚያ በኋላ ጨርቅ ማኘክ እንጂ መቁረጥ አይሆንለትም። ሲቆርጡ ሁለቱንም ወገን ይያዙ፤ አጭሩ ቁራጭ ወደ ዓይን ሊፈናጠር ይችላል። መቁረጡ የእርስዎ፣ መጠምዘዙ የእርሷ ይሁን።

ለትንሹ ልጅ ግን እንስሳው ይሰጠው አልልም። በዚህ ዕድሜ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ፀጉሩ ይነቀላል፣ ሽቦው ይወጋል፣ ለዓይን ተብሎ የተለጠፈው ዶቃ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። እዚያ አሜሪካ ውስጥ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ መጫወቻ ሊታነቁበት የሚችሉ ትናንሽ ክፍሎች እንዳይኖሩት በሕግ የተከለከለ ነው። በቤት ውስጥ የሚለኩበት ዘዴም አለ፤ ባለቀ የሶፍት ካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው ብለው ይያዙ። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር አለ፤ የኤሌክትሪክ ሶኬት። ቀጭን ሽቦና የሶኬት ቀዳዳ በአንድ ቤት፣ የሚድህ ልጅ ደግሞ መሃላቸው። ሶኬቶቹ መክደኛ ከሌላቸው ዛሬውኑ ለልጅዎ ይንገሯት። ሥራውንም ወለል ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ፣ ትንሹ ሲተኛ ቢያደርጉት ይመረጣል። ሲጨርሱ ቁርጥራጩን በእጅዎ ጠረግ ያድርጉ፤ ምንጣፍ ውስጥ የገባ ሽቦ በባዶ እግር ነው የሚገኘው።

ሙጫን በተመለከተ፣ በደንብ የተጠመዘዘ እንስሳ ሙጫ አይፈልግም። የሚቀልጠውን ሙጫ የሚተፋው ሽጉጥ ጣት ያቃጥላል፣ ከልጅ ጋር ባይጠቀሙት ይሻላል። ነጩ የወረቀት ሙጫ ደግሞ ፀጉሩን ያጨማልቃል እንጂ ቶሎ አይዝም። ለዓይን ጥቁር ቁራጭ ሽቦ በጭንቅላቱ አሳልፈው ሁለቱን ጫፍ ጥቅልል ቢያደርጉት ይበቃል።

ስለ አማርኛው። እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች የሚሠሩትን ነገር እርስዎ እንዳይሠሩት እለምናለሁ። «በአማርኛ ካልመለስሽ ሽቦ የለም» አይበሏት። ጨዋታው ፈተና ይሆናል፣ ከዚያ ሽቦውንም አማርኛውንም ትጠላለች። ደግሞ እርስዎ በአማርኛ አውርተው እርሷ በእንግሊዝኛ ከመለሰች አማርኛውን ሰምታዋለች ማለት ነው። ያልገባውን ነገር ሰው አይመልስም። የጎደለው አፍ ነው፤ አፍ የሚፈታው ቃሉ በእጅ ላይ ሲሆን ነው።

የእጅ ሥራ ለዚህ ይመቻል። እጠፊ፣ ጠምዝዢ፣ ጠቅልዪ፣ ሳቢ፣ ልቀቂ፣ ጠበቅ አድርጊ። እነዚህን ሲሉ እጅዎ እያሳየ ስለሆነ ትርጉም አትፈልግም። እርስዎም ተራ ይስጧት። አሁን አንቺ እዘዢኝ፣ እኔ ልሥራ ይበሏት። ልጅ ማዘዝ ይወዳል። በእንግሊዝኛ ካዘዘችዎ እንዳልገባው ሰው የተሳሳተ ነገር ይሥሩ፤ እንዲጠመዝዙ ስታዝዝዎ ያጥፉ። ትስቃለች፣ ትበሳጫለች፣ ከዚያ «እማማ፣ አይ! ጠምዝዢ!» ትልዎታለች። «ጠምዝዢ» ሳይሆን «ይጠምዝዙ» ነው የሚባለው ብለው ያኔ አያርሟት። አንቱታው ይደርሳል።

እንስሳው ካለቀ በኋላ ደግሞ ስም ይወጣለት። ሐምራዊዋ አህያ የማን ናት? ምን ጭና ነው የምትመጣው? ከደብረ ብርሃን ገበያ ወይስ ከዶላር ስቶር? አህያ ካለ ጅብ መምጣቱ አይቀርም። ጅቡን እርሷ ትሥራው፤ የኋላው ከፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ የኋላ እግሮቹን አጠር ማድረግ ብቻ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሏት ሁለት አህያና አንድ ጅብ ጠረጴዛው ላይ ቆመው እያየች ነው የምትሰማው። እንቆቅልሽም አለልዎት። እንስሳውን በነጠላዎ ሸፍነው «እንቆቅልሽ» ይበሏት፤ «ምን አውቅልሽ» ብላ ካልመለሰች ነጠላው አይነሣም። ይህ ሕግ የጨዋታው ነው፣ የእርስዎ አይደለም፤ ለዚህ አትከፋም።

እርስዎ የደብረ ብርሃን ሰው ከሆኑ ደግሞ ጭላዳን ያውቁታል። ከመንዝ ጓሳ ገደል ላይ አይተውት ይሆናል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም ዱር ውስጥ የለም፤ ይህን ለልጅቷ ሲነግሯት ትምህርት ቤት ሄዳ የምታወራው ነገር ይሆናታል። ለሽቦም የተመቸ ነው። ቀኑን አብዛኛውን ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ስለሚውል ማቆም አይጠበቅብዎትም። ቡናማ ዘንግ አውራ ጣትዎ ላይ ጠምጥመው ሲያወጡት ሆዱ ሆነ፤ ዘርፈጥ አድርገው ያስቀምጡት። ለጋማው ደግሞ አምስት አምስት ሳንቲሜትር የሆኑ ብዙ ቁራጮች አንገቱ ላይ እያንዳንዳቸውን ጠምዝዘው ወደ ኋላ ያፍሱት። ወንዱን የሚያስጌጠው ይህ ጋማ ነው። ደረቱ ላይ ትንሽ ቀይ ሽቦ ካስገቡለት ማንም ጦጣ ነው ብሎ አይሳሳትም። እዚሁ ጓሳ ቀይ ቀበሮም አለ። እሱ ሲሠራ እግሩ ረዘም፣ አፉ ቀጠን፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ይሁን። ከሁለቱ ግን ጭላዳውን ያስቀድሙ። ቀበሮ ቀጭን እግር ስላለው እንደገና ወደ መቆም ጣጣ ይመልሰናል።

ልጅዎ የምታርፍበት ቀን ካለ ደግሞ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮው ቀይ መስመር ዋሽንግተን ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ፓርክ ይሂዱ። ባቡር ሳይቀይሩ ዉድሊ ፓርክ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ትንሽ በእግር ነው። ለመግቢያ አይከፈልም። እዚያ ሲደርሱ ልጅቷ እግራቸውን ብቻ ታስተውል። የትኛው እንስሳ ጉልበቱ ወደ ኋላ የታጠፈ ይመስላል? አንገቱን ሲያጎነብስ የፊት እግሩን ምን ያደርጋል? ከዚያ በኋላ የምትሠራቸው እንስሳት ሌላ ይሆናሉ።

ወደ አገር ቤት ስለ መላክ የጠየቁኝን ልመልስ። ይላኩ። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ቦታ አይፈጅም። ሻንጣ ውስጥ ሲገባ ግን ይታጠፋል፤ የታጠፈ ሽቦ ሲቃና ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ደካማ ይሆናል። ስለዚህ እሽጉን ሳይፈቱ በጠንካራ ካርቶን ቱቦ ውስጥ ያስገቡት። ፒንሳና መቀስ አብረው የሚልኩ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። ውስጡ ብረት ስለሆነ ይዝጋል፤ እርጥብ ቦታ እንዳያስቀምጡት፣ የቆሸሸ እንስሳም በውሃ እንዳያጥቡ ለእናታቸው ይንገሯት። ቀለሙን በተመለከተ፣ ቅልቅል ተብሎ የሚሸጠው እሽግ ሮዝና ብርቱካንማ ይበዛበታል፣ የእንስሳ ቀለም ያንሰዋል። አንድ ቅልቅል፣ ከዚያ ደግሞ ለብቻቸው የታሸጉ ቡናማ፣ ነጭና ጥቁር ይግዙ። ነጩን አብዝተው ይግዙ፤ ደብረ ብርሃን ያሉ ልጆች መጀመሪያ የሚሠሩት በግ ነው፣ በግ ደግሞ ሽቦ ይጨርሳል።

የምክር ዓምድ አዘጋጅ